ጥጃዬ የበላችው የግራር ፍሬ

ልጅ ሳለሁ ቅናት የሚያቃጥለኝ ልጅ ነበርኩ፤ ምን እደብቃለሁ! እናቴ ከናዝሬት አምጥታ ቡልቡላ፣ አያቴ ዘንድ ለሁለት ዓመት ያህል ትታኝ ነበር። ያኔ አመሻሽ ላይ፣ ትንኝ ለማባረር የተለኮሰው ኩበት እየጨሰ፣ አያቴ በፋኖስ ብርሃን ተረት ሲያወሩ ከጎናቸው የምትቀመጠው የአጎቴ ልጅ ጫልቱ ነበረች። እሷን «ኢንተለ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሏታል፤ እኔን «የናዝሬቷ»! እኔስ የልጃቸው ልጅ አይደለሁም?

ለሁለታችንም አንዳንድ ጥጃ ሰጥተውን ነበር። ጥጆቹ የሚውሉት ካሎ ውስጥ ነው፤ ለበጋ ተብሎ ታጥሮ የሚጠበቅ የጥጃ ሣር። ሜዳ ላይ የግራር ፍሬ ሲለቅም የዋለ ከብት ዝር እንዳይልበት አያቴ አጥብቀው ከልክለዋል። ጠባቂዋ ደግሞ ማን ሆነች? ጫልቱ! የእሷ ጥጃ ስትወፍር የእኔዋ ጎድኗ ይቆጠራል። አንጀቴ አረረ። ፍሬውን ከውጭ በቀሚሴ እየቋጠርኩ፣ ማንም ሳያየኝ ጥጃዬን አበላት ጀመር። የከለከሉት ሆድ ስለሚነፋ መስሎኝ ነበር። ወፈረችልኝ፣ እሰይ!

ዝናብ ሲጥል ግን ካሎው ውስጥ ከሣሩ ጋር የግራር ቡቃያ ፈላ። አያቴ አንዱን ነቅለው «ጫልቱ፣ የማንን ከብት አስገባሽ?» አሏት። «ማንንም አላስገባሁም፣ አባባ» ብላ አንገቷን ደፋች። እኔ ዝም አልኩ። እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የዚያን ዕለት ምሽት ከጎናቸው ያስቀመጡት እኔን ነው።

ያወሩት ግን ስለ ጅብና ቀበሮ አልነበረም።

«ድሮ ይህ ሁሉ ሜዳ ነበር፤ ሣሩ ጥጃ ይደብቃል። ዝናብ ሳይመጣ አሮጌውን ሣር እናቃጥል ነበር፣ እሳቱ የግራሩንም ቡቃያ አብሮ ይፈጀዋል። ኋላ ማቃጠል ተከለከለ። እርሻ እየሰፋ ሲገፋን ከብቱ በተረፈችው መሬት ላይ ተጨናንቆ ሣሩን ከሥሩ ጋጠው። የግራሩን ፍሬ ደግሞ በሆዱ እየያዘ በእበቱ ዘራው። ካሎ ብቻ ነበር የቀረን።»

«በእበቱ» ሲሉ ካሎው ውስጥ የሚወድቀው የጥጃዬ እበት ትዝ አለኝ። የተመኘሁት ቦታ ላይ ተቀምጬ፣ ፍሙን በእንጨት እቆሰቁስ ጀመር።

አያቴ ካረፉ ቆዩ። ካሎው ዛሬ ሰው የማያሳልፍ እሾህ ነው፤ ጫልቱ እዚያው ወልዳ ከብዳ፣ ለላሞቿ ገለባ ከገበያ ትገዛለች። ባለፈው ዓመት ልጠይቃት ሄጄ፣ አመሻሽ ላይ ልጆቿ ከበዋት የካሎውን ነገር ስታወራላቸው ደረስኩ። ትንሿ «ፍሬውን ለጥጃዋ ያበላት ማነው?» አለቻት። ጫልቱ ወደ እኔ ዞር ሳትል፣ «አንዲት ልጅ ናት፤ እናቷ ናፍቃት ነበር» አለች።

ለካ ያን ሁሉ ዘመን ታውቅ ኖሯል። ይቅር በይኝ ማለት ሲገባኝ ከልጆቿ ጎን ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓትም ቀናሁባት። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያ አልልም ነበር።