በዚያው እደርሳለሁ

እኔ ከቤት ስወጣ ለአንድ ጉዳይ ነው። ሥራ ከሆነ ሥራ፣ ሰው ፍለጋ ከሆነ ሰው ፍለጋ። ጠዋት ሞተሬን አስነስቼ ሚዛን፣ ማታ ቤቴ። ቴፒ የሄድኩ ቀን ደግሞ ቴፒ ብቻ። ባለቤቴ እንዲህ ያለ መንገድ አታውቅም ነበር። ወፍጮ ቤት ስትሄድ በዚያው የታመመ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ በዚያው የልጃችንን አስተማሪ ታነጋግራለች፣ በዚያው ጨው ይዛ ትመለሳለች። ያውም በእግሯ።

"ዛሬም ዙረት ነው?" እላታለሁ።

"ዙረትስ ያንተ! ባዶ እጅህን ሄደህ ባዶ እጅህን የምትመጣው።"

ጡቷ ላይ እብጠት እንዳለ የነገረችኝ እራት እየበላን ነው። "ታዲያ ጤና ጣቢያ አትሄጂም እንዴ?" ብዬ ተቆጣሁ። "ቅዳሜ ገበያ ስወጣ በዚያው እደርሳለሁ" አለች። ደረሰችም። ቅዳሜ ግን ተረኛ ብቻ ነው ያለው፤ በሥራ ቀን ነይ ብለው መለሷት። ሌላም ቅዳሜ ሞከረች። ለራሷ ጉዳይ ብቻ ብላ ያን ሁሉ መንገድ መውጣት አልሆንላት አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ።

ጤና ጣቢያው በየቀኑ በሞተር የማልፍበት መንገድ ዳር ነው። አንድ ቀን እንኳ "ነይ፣ ከኋላዬ ውጪ" አላልኳትም። የሷ ጉዳይ በሷ መንገድ የሚያልቅ መስሎኝ ነው። ሌላ ሰበብ የለኝም።

በመጨረሻ ከጤና ጣቢያው ጅማ ሆስፒታል ላኳት። አውቶቡስ ውስጥ ከመቀነቷ አንድ ክር ፈታች። የልጃችንን እግር የለካችበት ነው፤ ጫፉን ቋጥራዋለች።

"ጅማ ከሄድን አይቀር በዚያው የትምህርት ቤት ጫማ እንገዛላታለን።"

"ኧረ በፈጠረሽ! አሁን የሚታይሽ ጫማ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ክሩን ኪሴ ውስጥ ከተተችው።

ሐኪሞቹ ዘግይታለች አሉ። በዘጠነኛው ቀን አረፈች።

አስከሬኑን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ወንድሟን እዚያው ትቼ ወጣሁ። አላለቀስኩም፤ ደንዝዤ ነበር፣ አሁንም እንደዚያው ነኝ። ባለሱቁ ክሩን ጫማው ውስጥ ዘርግቶ ለካና "ይሄ ነው" አለኝ።

ከቀብሩ በኋላ ልጄ ሞከረችው። ልክ ሆናት።