ለበራሪው ሰውዬ የተነፋው ትራምፔት

እኛ ቪዲዮ ቤት ፊልም ሲያልቅ የሚመጣው የሠሪዎቹ የስም ዝርዝር ታይቶ አያውቅም። አክተሩ ጠላቱን ጥሎ ሴትየዋን እንዳቀፈ ወንድሜ ማጥፊያውን ይጫናል፣ እኔ በሩን እበረግዳለሁ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ የተሰለፈው ሰው ተጋፍቶ ይገባል። ስለዚህ የአቃቂ በሰቃ ልጆች የበራሪውን ሰውዬ ፊልሞች ሙዚቃ የሠራው ማን እንደሆነ አንድም ቀን አንብበው አያውቁም። ቢሆንም ያውቁታል። ሙዚቃ ሠሪውን «ሰውዬው» ነበር የሚሉት። «ሰውዬው ዘንድሮ አሪፍ ሠርቷል»፣ «ሰውዬው ቀሽም ሆኗል» እያሉ እንደ ጎረቤት ያሙታል።

ሌላ ሰፈር ስለ ኳስ ይጨቃጨቃል። የእኛዎቹም ስለ ኳስ ይጨቃጨቁ ነበር፤ የበራሪው ሰውዬ ፊልም የገባ ሳምንት ግን ወሬው ሁሉ ሙዚቃ ነው። ይህ አይግረማችሁ። የሰፈራችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በደህናው ጊዜ የራሱ የኪነት ቡድን ነበረው፤ ሰፈሩ ከበሮና ትራምፔት እየሰማ ነው ያደገው። የአቃቂ ጆሮ በዋዛ የሚሸወድ ጆሮ አይደለም። ይህን የምለው እየኮራሁ ነው፣ ደስ ያላለው ይተወው።

የጭቅጭቁ አለቃ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው እዚሁ የከተሙ፣ ከሳሪስ አቃቂ የሚመላለስ፣ ሁልጊዜ የፊተኛው አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ። ሕጉ አጭር ነው። «ሙዚቃ ማለት ከዚህ ወጥተህ ታክሲ ተራ እስክትደርስ የምታፏጨው ነው። የማይፏጭ ከሆነ ጫጫታ ነው» ይላል። በእሱ ፍርድ የመጀመሪያው ፊልም ይፏጫል፤ ሁለተኛው አይፏጭም፤ ሰውዬው ጠግቧል፣ ከበሮ ብቻ ነው የሚደልቀው።

ተቃዋሚው የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ነበር፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ። «ዜማ ለሰርግ ነው» ይለዋል። «ሁለተኛው ላይ ሰውዬው አንዲት ድምፅ ይዞ ዝም ሲል ላብህ አልመጣም? ከበሮው የአክተሩ ልብ ነው እኮ፣ አንተ ፋራ!» ከዚያ ሌላው ይገባበታል፣ ሌላውም ይጨምርበታል፣ የሚቀጥለው ፊልም እስኪጀመር ይንጫጫሉ። እኔም የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። ሰውዬው ሴትየዋ ብቅ ባለች ቁጥር ቫዮሊን ማስለቀስ ይወዳል፤ ሴት ስትታይ ማልቀስ ግዴታ ነው እንዴ? ግን ማን ይጠይቀኛል? ቲኬት ቆራጭ ነኛ!

ቲኬት ብቻ እንኳ አልነበረም የምቆርጠው። ወንድሜ ፊልም ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ለአክተሩም፣ ለሴትየዋም፣ ለክፉውም እሱ ራሱ ነው በአንድ አፉ የሚናገረው። ኮምፒውተሩ ላይ ድምፁን ከፊልሙ ጋር የማጋባው ደግሞ እኔ ነኝ። ያ ቪዲዮ ቤት ዛሬ የለም፣ ግማሹ ደንበኛችንም ገላን ኮንዶሚኒየም ገብቶ በቤቱ ቴሌቪዥን ያያል። ያኔ ግን ከአቃቂ አልፎ ሳሪስ አቦ ድረስ ስማችን ይጠራ ነበር።

ሦስተኛው የበራሪው ሰውዬ ፊልም መጣ። ቅጂው ውጭ አገር ሲኒማ ቤት ውስጥ ተደብቀው በካሜራ የቀረጹት ነው። ዓይን እስኪለምደው ነው እንጂ ምስሉ አያስከፋም። ችግሩ ከመሃል መጣ። አክተሩ ኃይሉን አጥቶ ከርሞ፣ ጣሪያ ላይ ብቻውን ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ ተነሥቶ እንደገና የሚበርበት ቦታ አለ፤ የፊልሙ እምብርት ነው። እዚያ ላይ ከካሜራው አጠገብ የተቀመጠ አንድ ተመልካች ሳል ይጀምረዋል። ምን ዓይነት ሳል! ሳንባዬ ካልወጣ አልተውም ያለ ነው የሚመስለው። አክተሩ ይበራል፣ ተመልካቹ ይስላል፣ ከሳሉ ሥር ሙዚቃው ጭል ጭል ይላል። የእሱን ሳል ስንደመስስ ሙዚቃውም አብሮ ሄደ። ድምፅ የሌለው በራሪ ሰው ደግሞ ገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ ነው።

ወንድሜ «ከሁለተኛው ፊልም ቆርጠሽ አስገቢበት» አለኝ።

«አብደሃል? ደንበኞቻችን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም፣ ነቄ ናቸው» አልኩት። ትዝ ያለኝ አባቴ ነው።

አባቴ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበር፣ የፋብሪካው ኪነት ቡድን ትራምፔት ነፊም። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፤ ሲሰናበቱ ትራምፔቱን ለእሱ ተዉለት። ከዚያም ጡረታ ወጣ። ትራምፔቱ ከነሳጥኑ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሎ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ንፋልን ስንለው «ከንፈሬ አርጅቷል» ይላል፣ ያልፋል። ይባስ ብሎ ያን ሰሞን ከሳሪስ ለመጣ የሰርግ ባንድ ሰው ሊሸጥለት ቃል ሰጥቶት ነበር። ገዢው በሚቀጥለው እሁድ መጥቶ ሊወስደው ተቀጣጥረዋል። «ተሰቅሎ ከሚጠቁር የሚሠራ ሰው ይሥራበት፣ እኔ በቃኝ» አለን። «በቃኝ» ሲል የትራምፔቱን ብቻ አልመሰለኝም።

«አባዬ፣ ከመሸጥህ በፊት አንድ ጊዜ ንፋልኝ» አልኩት።

«ለማን?»

«ለሚበረው ሰውዬ።»

«ሙታንታውን ከሱሪው በላይ ለሚለብሰው?»

«ለእሱ።»

ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም። ያን ቦታ ያለ ድምፅ ሦስት ጊዜ አሳዪኝ አለ። ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግቶ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ካየ በኋላ «ይሄ ልጅ ፈርቷል» አለኝ። «ይበር እንጂ ፈርቷል። ከዝቅታው ነው የምጀምርለት፣ መጀመሪያ አብሬው ልቀመጥ።» እኔ እንኳ ያን ፊልም አሥር ጊዜ አይቼ መፍራቱን አላስተዋልኩም ነበር።

ቪዲዮ ቤቱን ዘግተን ብርድ ልብስ በግድግዳው ሰቀልን፣ ማይክራፎኑን ከወንበር ጋር አሰርን። ዋናው መንገድ ላይ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር እናቆማለን። የመጀመሪያው አልሆነም፣ ሁለተኛውም አልሆነም። ሦስተኛው ላይ ግን አባቴ ከዝቅታው ተነሣ፤ እየወጣ፣ እየወጣ፣ የፋብሪካው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የቆመ መሰለኝ። አክተሩ እግሩ ከጣሪያው ሲለቅ ሦስተኛዋ ረጅም ድምፅ ላይ ትንፋሽ አጠረውና ድምፁ ተሰበረች። ወዲያው አቃናት፣ ጨረሰው። ከንፈሩ አብጦ ነበር።

«ተበላሸ፣ እንደገና» አለ። ሞከረ፣ እምቢ አለው። ከዚያ ትራምፔቱን በጨርቅ እየጠረገ ውሉን ነገረን። «ይሄን የነፋሁት እኔ መሆኔን አንድ ሰው ቢሰማ፣ እሁድንም አልጠብቅ፣ በዚያው ቀን ወስጄ አስረክበዋለሁ። በስተርጅና የልጆች መሳቂያ አልሆንም። ዝም አይነቅዝም!»

ወንድሜ ድምፁን ደራርቦ አንዱን ትራምፔት አራት አስመሰለው። ሰኞ ማሳየት ጀመርን።

እዚያ ቦታ ሲደርስ ቆሎ የሚቆረጥመው እንኳ መንጋጋውን አቆመ። እንዳለቀ ሾፌሩ ተነሥቶ «ድገሙት!» ብሎ ጮኸ። ቪዲዮ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ድገሙት የተባለ የሙዚቃ ቦታ አልነበረም፤ ደገምነው። «ሰውዬው ተመለሰ! ይሄ ይፏጫል!» አለ ሾፌሩ፣ ሲወጣም እያፏጨ ነው የወጣው። በማግስቱ ታክሲ ተራ ሄድኩ፤ ወያላዎቹ «ሳሪስ፣ ቃሊቲ!» ብለው ትንፋሽ ሲወስዱ በመሃል የአባቴን ዜማ ያፏጫሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከሁሉ የገረመኝ ተማሪው ነው። «ሦስተኛዋ ላይ ድምፁ ሲሰበር ሰማችሁ? ሆን ብሎ ነው። አክተሩ እየበረረ መፍራቱን በዚያች ነው የነገረን። ሰውዬው እንዲህ ደፍሮ አያውቅም» አለ። ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አጨበጨበለት። አንዱ ከከበሮው ወገን፣ አንዱ ከዜማው ወገን ሆነው ሲናከሱ የኖሩ ሰዎች በአባቴ አጭር ትንፋሽ ታረቁ።

ሁሉንም ለአባቴ ሮጬ ነገርኩት። «ልጄ ስለሆንሽ ነው። እንዳልሸጠው ነው» አለኝ። ወያላዎቹ ያፏጩታል ብዬ ብነግረው «ወያላ የማያፏጨው ምን አለ?» አለኝ። እልህ ያዘኝ። «እንግዲያው ቅዳሜ ና፣ በጆሮህ ስማ!» አልኩት። እሁድ ገዢው ይመጣል። ቀሪዋ ቀን ቅዳሜ ብቻ ናት።

መጣ። ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ የመጨረሻው አግዳሚ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የቪዲዮ ቤት ሰው ስላልነበር አባቴ መሆኑን ያወቀ የለም። ፊልሙ ሳይጀመር ሾፌሩ እንደ እብድ እጁን እያወናጨፈ ገባ። «ትናንት ከተማ ወርጄ ትልቁ ሲኒማ ቤት አየሁት። ቆርጠውታል!»

«ምኑን?»

«ትራምፔቱን ነዋ! እዚያ ቦታ ላይ ቫዮሊን አስገብተውበታል። ሼም ነው፣ ወላሂ ሼም ነው!»

ቤቱ ተንጫጫ። ሲኒማ ቤቱን የሚሰድበው ሰደበ። ተማሪው ግን መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ «ወይም የእኛው ነው ፎርጅዱ» አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እውነቱን ብናገር ትራምፔቱ በዚያው ሰዓት ይሄዳል። ዝም ብል የቪዲዮ ቤታችን ስም ጭቃ ይገባል። ወንድሜ መሬት መሬት ያያል። ያዳነን ሾፌሩ ነው፤ «ፎርጅድ ከዋናው ይበልጣል እንዴ? ይልቅ ክፈቱት፣ ይፈረድ!» አለ።

ከፈትነው። ጣሪያው ጋ ደረሰ። የአባቴ ትራምፔት በትልልቆቹ ስፒከሮች ወጣ፣ ከዝቅታው ተነሣ፣ ሦስተኛዋ ላይ ተሰበረች፣ ቀና አለች። አባቴን ከበሩ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ሾፌሩ አስቁሞን ዞር ሲል ዓይኑ የቤቱ ብቸኛ ሽማግሌ ላይ አረፈ።

«ፋዘር፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ይፍረዱን። ይሄ ነው ወይስ ቫዮሊን?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዜማው ደህና ነው» አለ። «ነፊው ግን ደክሟል። ሦስተኛዋ ላይ ትንፋሽ አጥሮታል፣ ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም። ቢተወው ይሻለዋል።»

ወይ የዚያ ቀን ጩኸት! «ምን አሉ?» የሚል፣ አግዳሚ ላይ የሚወጣ፣ የሚያፏጭ። ሾፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ፋዘር፣ አክብሬዎት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስለ ሙዚቃ ግን ምንም አያውቁም!» አለው። ተማሪው ደግሞ ለቅሶ በቀረበው ድምፅ «ያቺ የተሰበረችዋ እኮ ናት ፊልሙ! እሱ ከተወ ማን ሊነፋልን ነው?» አለ።

«እኔ ያልኩት፣ ነፊው…» ብሎ ጀመረ አባቴ።

«አይበሉ!» አለ ሾፌሩ። «እዚህ ቤት እሱን መንካት ክልክል ነው!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ያን ቀን ግን አባቴ በገዛ ጆሮው ሰማ። ስድሳ ሰው ራሱን እንዳይሰድብ ከለከለው። እኔ በሩን ይዤ እንባዬ ይወርዳል፣ እስቃለሁ። «እሱ ነው እኮ! የነፋው እሱ ነው!» ልል አፌን ከፈትኩ። ከባርኔጣው ሥር አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ምላሴን ነከስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ዝም ማለት ከብዶኝ አያውቅም።

በባቡሩ ሐዲድ በኩል ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ባርኔጣውን ከዓይኑ ላይ አነሣ።

«ያ ሾፌር ባለጌ ነው» አለ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ጆሮ ግን አለው።»

እሁድ ገዢው መጣ። ደህና ሰው ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የገባው። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ስላገኘው ከፈተና ትራምፔቱን አነሣ፣ አገላበጠው። ሻይ አቀረብኩለት። አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ ትራምፔቱን ከእጁ ቀስ አድርጎ ተቀበለው።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ፣ ቃሌን ልበላ ነው። አይሸጥም» አለው።

ሰውዬው ደነገጠ። «ምነው ጋሼ? ተውኩት፣ በቃኝ አላሉኝም ነበር?»

አባቴ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሰውዬውን። አንድ ሰው እንዳይሰማ ብሎ ውል ያስገባን እሱ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ ለማያውቀው እንግዳ ደረቱን ነፍቶ ተናገረ።

«ሥራ ላይ ነኝ» አለው። «የፊልም ሙዚቃ እሠራለሁ።»