ሳይቀመጥ የዋለ ሽማግሌ

ልጁ «ጋሼ፣ አርብ ሂዱ» ብሎኝ ነበር። ይህን መጀመሪያ የማነሳው ሌላ ሰው ሳያነሳብኝ ልቅደም ብዬ ነው።

ቀጠሮው ቅዳሜ አስር ሰዓት፣ ድሬዳዋ ነው። ከጋምቤላ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚነሳ አውሮፕላን አዲስ አበባ ያደርሰናል፤ ከዚያ ሰባት ሰዓት ላይ ሌላው ተቀብሎ ድሬዳዋ ያወርደናል። ፊታችንን ታጥበን፣ ኮታችንን አራግፈን፣ አስር ሰዓት ሲሆን የልጅቷ አባት በር ላይ ነን። ወረቀት ላይ እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። አርብ ደግሞ የሶላር መብራትና የፕላስቲክ ጫማ ጭኜ ኢታንግ የምሄድበት ቀን ነው። ለሰው ልጅ ትዳር ብዬ ገበያዬን ልዝጋ እንዴ?

«አውሮፕላን እኮ የኢታንግ ሚኒባስ አይደለም» አልኩት፤ «እስኪሞላ አይጠብቅም።»

እውነቴን ነበር። አልጠበቀም። እኛ ሞልተን ጠበቅነው።

ልጁ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ጎረቤቴ ኑዌር ነው፤ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። በግቢያችን መሀል ያለው አጥር ወድቆ ማንም ሳያነሳው ስንት ክረምት አለፈ። ልጁ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ እርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። እዚያው ከምትሠራ ነርስ ጋር ተዋደዱ፤ ልጅቷ የድሬዳዋ ናት፤ አባቷ የድሮው ባቡር ጡረተኛ። ድሬዳዋ ውስጥ ሰዓት የሚያከብር አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው ይባላል፤ እድላችን ሆኖ ደረሱን። መጀመሪያ አይሆንም ብለው ነበር፤ አገሩ ሩቅ ነው፣ ሰዎቹን አላውቃቸውም። ልጅቷ ወራት ለምና ለምና በመጨረሻ አንድ ቀን ሰጧት። «ቅዳሜ አስር ሰዓት ሽማግሌ ይላኩ። ካልመጡ አልፈለጉሽም ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የዚህን ልጅ ስም ቤቴ ውስጥ አልሰማም።»

እኔ የተመረጥኩት ምላሴ ተፈልጎ ነው። ጎረቤቴ አባት ስለሆነ ግድ ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ ድሬዳዋ የሚኖረው የእህቴ ባል፤ እዚያው ይቀበለናል።

ከመሄዳችን በፊት ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ጎረቤቴን የሽምግልና ሥርዓት አስተማርኩት። በእነሱ ቤት ወግ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በከብት ቁጥር ቀኑን ሙሉ መከራከር ነው።

«ላም የለም?» አለኝ።

«የለም።»

«ቃል ብቻ?»

«ቃል ብቻ።»

«ታዲያ በምንድን ነው የምንጣላው?»

«አንጣላም። ቆመን እንለምናለን። ተቀመጡ ይሉናል፤ አንቀመጥም። ጉዳያችን ተሰምቶ እሺ ሳንባል አንቀመጥም፣ ውሃም አንቀምስም እንላለን።»

እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። እሱ ግን የፓምፕ ሰው ነው፤ የትኛው ብሎን ከየትኛው ቀድሞ እንደሚፈታ ካልነገሩት አይነካም።

«ከየት ጀምሮ ነው የማንቀመጠው?» አለ።

ቀልድ አማረኝ። ብዙ ዕቃ በሸጥኩበት ፊት «ከቤትህ ከወጣህ ጀምሮ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እኔ ቀልድ መሰለኝ፤ እሱ ትምህርት መሰለው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ገባን። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አውሮፕላን የለም። አራት ሰዓት ላይ አንዷ ልጅ ወጥታ «በኦፕሬሽን ምክንያት በረራው ትንሽ ይዘገያል» አለች። ትንሽ! እኔም ሱቄ ላይ «አሁን እመለሳለሁ» የሚል ካርቶን ሰቅዬ ኢታንግ አድሬ የምመጣበት ጊዜ ስላለ ቋንቋው ገባኝ። ኦፕሬሽን ምን እንደሆነ የጠየቅነው ሁሉ የተለያየ መልስ አገኘ። ለአንዱ ደመና ነው አሉት፣ ለሌላው ጎማ፣ ለኔ ደግሞ «አባቴ፣ ለደህንነትዎ ነው»። ደህንነቴ እንደዚያ የታሰበለት ቀን የለም።

እኔ ወንበር ያዝኩ። ጎረቤቴ ቆመ።

በረዥም ቁመቱ፣ በጥቁር ሱፉ፣ መውጫው በር አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ሰው አየውና ሻንጣውን ይዞ ከኋላው ተሰለፈ። ሌላው ያንን አይቶ ተሰለፈ። ትንሽ ቆይቶ ግማሹ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ነው። ማንጎ በካርቶን የያዘች ሴትዮ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ወንድም፣ መሳፈር ተጀመረ እንዴ?»

«አልተጀመረም።»

«ታዲያ ምን ያቆምሃል?»

«የልጄ ሚስት።»

ሴትዮዋ ዞር ዞር ብላ የልጁን ሚስት ፈለገች። ዘበኛው መጥቶ «ጋሼ፣ ወንበር አለ፣ ተቀመጡ» ሲለው «አይፈቀድልኝም» አለው። ዘበኛው ማን እንደከለከለው ለማወቅ አዳራሹን ሁሉ ቃኘ። እኔ ስልኬን አየሁ።

እዚያው ላይ ተነስቼ «ወንድሜ፣ ቀልዴን ነው» ብለው ያልቅ ነበር። መጀመሪያ ሳቅ ያዘኝ፤ አልተናገርኩም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ የጣራውን ቆርቆሮ ሲያስጮኸው፣ እሱም ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር አየሁት፤ ያኔ ሳቁ ሄዶ ሀፍረት መጣ። ሀፍረት ደግሞ ከሳቅ የበለጠ አፍ ይይዛል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያቆምኩትን ሰው ምን ብዬ ላስቀምጠው? ብስኩት ገዝቼ ምሰሶ ጀርባ በላሁ። እሱ ውሃ እንኳ አልቀመሰም።

ልጁ በየአሥር ደቂቃው ይደውላል። «ጋሼ፣ ተነሳችሁ?» «ልንነሳ ነው።» «ጋሼ፣ አሁንስ?» «በጣም ልንነሳ ነው።» አርብ ሂዱ ብያችሁ ነበር አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አውሮፕላኑ የመጣው ሰባት ተኩል ላይ ነው፤ የድሬዳዋው ከአዲስ አበባ ከተነሳ ግማሽ ሰዓት በኋላ ማለት ነው። ውስጥ ገብተን ጎረቤቴ መተላለፊያው ላይ አንገቱን አጎንብሶ ቆመ።

«ይህስ?» አለኝ።

«ይህ ወንበር አይባልም፤ ጭነት ነው» አልኩት። አስተናጋጇም ቀበቶውን ይዛ ስትቆምበት ጊዜ ተቀመጠ፤ ግን እስከ አዲስ አበባ ጀርባውን መደገፊያው ላይ አላሳረፈም።

ቦሌ ስንወርድ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የትራንስፈር መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ቲኬታችንን አይታ ኮምፒውተሩን አየች፤ ኮምፒውተሩን አይታ እኛን አየች።

«በረራችሁ ሄዷል።»

«እሱን እንኳ እኛም ጠርጥረናል። የሚቀጥለውስ?»

«ነገ ጠዋት። ለዛሬ የምግብ ኩፖን እሰጣችኋለሁ።»

ሁለት ኩፖን ሰጠችን። የአንድን ሰው ትዳር አፍርሰው ሩዝ በአትክልት ይጋብዙሃል። ጎረቤቴ የሱን ኩፖን አጣጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጠው፤ እሺ ከተባልን በኋላ ይበላል።

አስር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው የእህቴ ባል ደወለ። ድሬዳዋ፣ ከሰውዬው ደጅ ፊት ለፊት መንገድ ላይ ቆሟል። «በረንዳ ላይ ወጥተው ሰዓታቸውን እያዩ ነው» አለኝ። «ሱፍ ለብሰዋል።» አልፈልግም ያለ ሰው ሱፍ አይለብስም።

ልክ አስር ሰዓት ላይ ደወልኩላቸው፤ ጎረቤቴም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት። ለበራቸው ያዘጋጀሁትን ንግግር ከነጌጡ አወጣሁት፤ ስለ ደመናው፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ኦፕሬሽኑ፣ ስለ ደህንነታችን። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«እርስዎ ነጋዴው ነዎት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ለምን እንደዘገየ ለሕዝብ ሳስረዳ ነው የኖርኩት። ይህን ንግግር ከእርስዎ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ልጄን የፈለገ ሰው ከትናንት ወዲያ ይነሳል።»

ያ ምላስ፣ ተፈልጎ የመጣው ምላስ፣ አፌ ውስጥ እንደ ኢታንግ መኪና ጭቃ ላይ ቀረ። ሊዘጉት እንደሆነ ሲገባው ጎረቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

«አባት፣ እኔ የልጁ አባት ነኝ» አለ። «አልተቀመጥኩም።»

«ምን አልክ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። አውሮፕላን ላይ ብቻ በቀበቶ አሰሩኝ፤ ለእሱ ይቅርታ አድርግልኝ። ውሃም አልጠጣሁም። አንተ እሺ እስክትል እዚህ እቆማለሁ። እምቢ ካልክም ንገረኝ፣ ቆሜ ልስማው።»

የጎረቤቴ አማርኛ «እርስዎ»ን ባሮ ወንዝ ማዶ ጥሎት ነው የመጣው፤ «አንተ» ሲላቸው እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ወንድሜ» አሉ የልጅቷ አባት፤ ድምፃቸው ተለውጧል። «መቆም እኮ እኔ ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው። ከጋምቤላ ጀምሮ ቁም ያለህ ማን ነው?»

ጎረቤቴ ወደኔ ዞረ። አልተቆጣም፤ የተበላሸ ፓምፕ እንደሚያይ አየኝ፣ የቱ ጋ እንደሚያፈስ ለይቶ።

«ነጋዴው» አለ።

«ስጠው እስኪ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። «ጋሼ...»

«አንተ» አሉኝ። ከአምስት ደቂቃ በፊት እርስዎ ነበርኩ። «ሰውዬውን አስቀምጠው፣ ውሃ ስጠው። ነገ አራት ሰዓት በሬ ላይ ሁኑ። አራት ከአምስት አላልኩም።»

ዘጉት። ወንበር ሳብኩለት። ቀስ ብሎ፣ ሁለቱን ጉልበቶቹን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። ውሃ አመጣሁለት፤ ጠጣ። ኩፖኑን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አውጥቶ «ይህ ይሠራል አሁን?» አለኝ።

«ይሠራል» አልኩት። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ሩዙን አምጣ መጀመሪያ» አለ።

በማግስቱ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተነሳ፤ እንዲህም ይችሉበታል ለካ። አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሦስታችን በሩ ላይ ነበርን። ሰውዬው ያንኑ ሱፍ ለብሰው ወጡ፤ ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። ገብተን ቆምን። ተቀመጡ አሉን፤ አንቀመጥም አልን። ንግግሬን አቀረብኩ፤ በዚህኛው ደመና አልነበረበትም፣ አጭር ነበር። ዘመዶቻቸውን አዩ፣ ከዚያ ጎረቤቴን አዩ።

«ሰጥተናል» አሉ።

እልልታው ሲቀልጥ ራሳቸው ወንበር አንስተው ጎረቤቴ ጀርባ አደረጉለትና ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። የእህቴም ባል ተቀመጠ። እኔም ወንበር ይዤ ዝቅ ማለት ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«አንተ ቆይ» አሉኝ። «ጋምቤላ ላይ ስንት ሰዓት ነበር የቆመው?»

«አምስት ሰዓት ግድም፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ» አሉና ሰዓታቸውን አዩ።

ምሳ ቀረበ። የልጅቷ አክስት አዝናልኝ ሳህን እጄ ላይ አስያዘችኝ፤ ቆሜ በላሁ። ጎረቤቴ ከወንበሩ ሆኖ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና፣ ወደ ልጅቷ አባት ጆሮ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ፤ ምህረት የሚለምንልኝ መሰለኝ። ሰውዬው ሳቁ፤ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

በኋላ ምን ብለህ ለመንክልኝ ብዬ ጠየቅኩት።

«አልለመንኩም» አለኝ። «አውሮፕላን ላይ የተቀመጥኩትን ሰዓት ቀንስለት ነው ያልኩት።»