ላምባ የሚጠጣው በሬ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ደጋግሜ አመንትቻለሁ። ጦርነት የለበትም፤ የሞተ ሰው የለበትም፤ ትልቅ ባለሥልጣንም አያልፍበትም። ያለው አንዲት ልጅና እሷን እንዳያጣ የሚጨነቅ የአክስቴ ልጅ ብቻ ነው። ቢሆንም በእንግሊዝኛ ክፍል ስለ ዘይቤ የተማርኩትን ሁሉ የፈተነው ይህ ጉዳይ ስለሆነ አንባቢ ይታገሠኝ።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ለጥር ዕረፍት ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ ስመለስ፣ መምህራችን በስቴንስል ያባዙልን ጽሑፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት፤ እያንዳንዱ ከነምሳሌው ተዘርዝሯል። የቤት ሥራችን ለእያንዳንዱ ከትውልድ ቦታችን ምሳሌ ማምጣት ነው። ከሁሉም በልጬ መምህሬን ለማስደሰት ስለፈለግሁ በደረስኩ ማግሥት ሥራ ጀመርኩ። እናቴ ዓሣ ስታጥብ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ይህ ዓሣ ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኋት። ቀና ብላ አየችኝና ዓሣ ይመስላል አለችኝ። መዘገብኩት እንጂ የትኛው ዘይቤ ሥር እንደሚገባ አላወቅሁም።

የአክስቴ ልጅ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ኢታንግ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነው። እኛ ኑዌሮች ብንሆንም እሱ ያደገው ጋምቤላ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ስለሆነ የራሱ የሚለው አንድ ጥጃ እንኳ የለውም። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ኢታንግ ከታላቅ እህቷ ጋር የምትኖር ልጅ ወዷል። አባቷ ከብቶቹን ይዞ ከወንዙ ዳር ነው። ከጂካዎ በኩል ደግሞ ከብተ ብዙ የሆነ ሌላ ጎረምሳ ልጅቷን ጠይቋል። አባቷ ደግ ሰው ስለሆነ፣ ዝናብ እስኪጀምር ልጄ የምትፈልገው ሰው ካለ ትንገረኝ፤ ከሌለ የዚያን ልጅ ከብቶች እቀበላለሁ ብሏል። የአክስቴ ልጅ ከዝናቡ በፊት ቃሏን ካላገኘ ነገሩ ያከትማል ማለት ነው።

ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ሊወስድ መጥቶ እቤት ሲገባ ጽሑፌን አየው። ቁጭ ብሎ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደሚያነብ ሰው በጣቱ እየተከተለ አነበበው።

«ይህ ለሴት ልጅ ይነገራል?»

«ለማንም ይነገራል።»

«ዩኒቨርሲቲ ከሰጠው ይሠራል» አለና አብሬው እንድሄድ ለመነኝ።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። የጉዞህ ምክንያት ሲሉኝ ለዘይቤ ጥናት አልኩ። ጸሐፊው፣ ደገኛና ጨዋ ሰው ነው፣ ብዕሩን አንሥቶ ዘይቤ ማዕድን ነው ወይስ ሰብል ብሎ ጠየቀኝ። ሳስረዳው ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። በመጨረሻ «ጓድ፣ ለዘመድ ጥየቃ ብለነዋል» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ለስደተኞች እህል በሚያመላልስ መኪና ላይ፣ ከጆንያው በላይ ተቀምጠን ኢታንግ እስክንደርስ ድረስ የጽሑፉን ምሳሌዎች አስጠናሁት።

እኛ ዘንድ ጎረምሳ ልጃገረድን የሚያነጋግረው ተደብቆ አይደለም። ጓደኞቿ፣ እህቷ፣ አላፊው ሁሉ ይሰማል፤ ንግግር የማያውቅ ሳቅ ጠግቦ ይመለሳል። ልጅቷ ከእህቷና ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ማንጎ ጥላ ሥር ሆና ጠበቀችን። የአክስቴ ልጅ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ ያስጠናሁትን በኑዌርኛ ጀመረ፤ ጽጌረዳ ላይ ሲደርስ ግን በቋንቋችን ቃል ስላጣ አማርኛውን አስገባ።

«ጽጌረዳ ምንድን ነው?» አለች።

አበባ ነው፣ እሾህ አለው አላት።

«ከብት ይበላዋል?»

ወደ እኔ ዞረ። ጽሑፉን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ፤ ስለ ከብት የተባለ ነገር የለበትም።

«እሾህ ያለውን፣ ላም የማትበላውን ነገር ትመስያለሽ ነው የምትለኝ» አለች። ጓደኞቿ በሳቅ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ጥርስሽ እንደ ሉል ነው ሲላት፣ ሉል ዓሣ ነው ወይ አለችው። ላበቱ ጠብ ጠብ ሲል አየሁና ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ ግነት ሞክር አልኩት። ባሮን በጀርባዬ ተሸክሜ ደጅሽ አመጣልሻለሁ አላት።

«ተወው፤ ሰው ምን ይጠጣ?» አለች። ከዚያ ግን መሳቋን ትታ ቀስ ብላ ጠየቀችው። «በሬህ ምን ዓይነት ነው?»

የለኝም አለ። ሳቁ ሁሉ ቆመ።

«እንግዲያው በሬህን ስታገኝ ና» ብላ ተነሣች።

ስንመለስ ታላቅ እህቷ እስከ መንገዱ ሸኘችን። «አንተ ተማሪ» አለችኝ፣ «ይህን ልጅ ምን አስበላኸው?» ቀጥላም እኔም በከተማ ልጅነቴ በደንብ የማላውቀውን ነገረችን። ጎረምሳ የሚያመሰግነው ልጅቷን ሳይሆን በሬውን ነው። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቀንዱ፣ እንዴት እንደሚጠብቀው ሲናገር ልጅቷ የሰውየውን ዓይንና ልብ ትለካለች። ከወደደችው በበሬው ስም ትጠራዋለች፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም።

የአክስቴ ልጅ ሌሊቱን ያድር የነበረው ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው። እኔም እዚያው ስለሰነበትኩ አዲስ ገጽ አዘጋጀሁለት፤ ከአጎታችን ልንዋስለት ያሰብኩትን በሬ በተለዋጭ ዘይቤ የሚያሞግስ ነበር። አመስግኖ ተቀበለኝና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ወደ አዲስ አበባ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ዳግመኛ ማንጎው ሥር ሄድን። ወረቀቱን አላወጣም።

«በሬዬ ነጭ ነው» ብሎ ጀመረ። «ቀንድ የለውም። ሣር አይበላም፤ ላምባ ይጠጣል። ከሥሩ ሰማያዊ እሳት ይነድዳል፤ ሆዱ ግን ብርድ ነው። የኢታንግ ሕፃናት ክትባት በሆዱ ውስጥ ይተኛል። ጅብ አይበላውም፤ ሌባ አይነዳውም። ግን እሳቱ ከጠፋ ይሞታል፤ ስለዚህ ክብሪት ይዤ እንበረከክለታለሁ።»

በሬው በላምባ የሚሠራው የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ መሆኑን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብን። ልጅቷ ከሁላችንም ቀድማ ገብቷታል።

«ያገሣል?» አለች።

«ዝምተኛ ነው። ሲታመም ብቻ ያጨሳል።»

ጓደኞቿ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «አባቴ ወደ ከብቶቹ ቢጠራህ ትተኸው ትመጣለህ?»

እመጣለሁ በል ብዬ በክርኔ ነካሁት። እሱ ግን፣ «የሚጠብቅልኝ ሰው ካላገኘሁ አልመጣም» አለ። እኔ ነገሩ አበቃ ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ።

ልጅቷ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። ጥቂት ሄዳ ዞር አለችና «ደህና ዋል፣ ላምባ ጠጪ» አለችው። እህቷ አፏን በእጇ ያዘች። የአክስቴ ልጅ ኪሱን ለክብሪት እየዳበሰ ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገሰ።

የቤት ሥራዬን አቀረብኩ። ማቀዝቀዣውን ከተለዋጭ ዘይቤ ሥር አስገብቼ ረጅም ማብራሪያ ጨመርኩበት። መምህሬ ጎኑ ላይ «በሬው ነው ማቀዝቀዣው ወይስ ማቀዝቀዣው ነው በሬው?» ብለው በቀይ ጻፉበት። ጥሩ ጥያቄ ስለመሰለኝ በሁለት ገጽ መልስ ሰጠኋቸው፤ ሌላ አልጠየቁኝም።

ልጅቷ ለአባቷ ዝናቡ ሳይጀምር ነገረች። አባቷ የጂካዎውን ልጅ በአክብሮት አሰናብቶ ወደ ኢታንግ መጣና ማቀዝቀዣውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ እሳቱንም ተመለከተ። ለጥሎሽ እንደማይሆን፣ ሠንጋ ግን እንደሚመስል ተናገረ። እውነተኞቹን ከብቶች አጎቶቻችን አዋጥተው ነዱ። ለክረምት ስመለስ ባሮ ሞልቶ ነበር፤ ከቤተሰቤ ጋር ከጋምቤላ በጀልባ ወርደን ኢታንግ ደረስን። በሠርጉ ዕለት ሙሽራው ላምባ ሊሞላ ሁለት ጊዜ ከዳሱ ወጥቶ ሄደ፤ ማንም ቅር አላለውም። የተጋቡት ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው።