ፍጥነቱን የሚቀይረው ማን ነው?

ኔትወርክ ከተቋረጠ ሰነባብቶ ነበር። እንጅባራ ያለው የመድኃኒት መጋዘናችን ከዳንግላው ቅርንጫፍ ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ብቻ ሆነ። የመድኃኒት ስም በድምፅ ሲነገር እየተምታታ ስላስቸገረ ጽሑፍ በሬዲዮ የሚያስተላልፍ አንድ ጥቁር ሳጥን መጣልን። ሳጥኑ ከኮምፒውተሩ የተቀበለውን ፊደል ወደ ጩኸት ቀይሮ ለሬዲዮው ይሰጣል፤ ከሬዲዮው የሚመጣውን ጩኸት ደግሞ መልሶ ፊደል ያደርገዋል። ሳጥኑንና ኮምፒውተሩን አገናኝቶ የማናገሩ ሥራ የእኔ ነበር።

ሁለቱ በአንድ ፍጥነት ካልተነጋገሩ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሁሉ ዝብርቅርቅ ነው። ፍጥነታቸውን እኩል አድርጌ ሰላምታ ላክሁ። ከዳንግላ «ደርሶናል፤ እናንተስ ደህና ናችሁ?» የሚል መልስ ሲመጣ ብቻዬን አጨበጨብሁ። ሬዲዮውን ለዓመታት የያዙት አዛውንት ግን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ «ድምፅ የሌለው ሬዲዮ ምን ሬዲዮ ነው?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ስክሪኑ በማይነበብ ምልክት ተሞልቷል። ኬብሉ ደህና ነው። ፍጥነቱን እየቀያየርሁ ስሞክር ቆይቼ ሳጥኑ እኔ በሰጠሁት ፍጥነት ላይ እንደሌለ ደረስሁበት። አስተካከልሁት። በሦስተኛው ቀንም ተቀይሮ ጠበቀኝ፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ።

የክፍሉ ቁልፍ ያለው በአዛውንቱ እጅ ነው። ሁልጊዜ ቀድመውኝ ይገባሉ። ሳጥኑ ከሠራ እሳቸውን የሚፈልግ አይኖርም ብዬ አሰብሁና ዓይኔን ጣልሁባቸው። ሲያስሉ እንኳ ዞር እል ነበር።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ይህን ሳጥን ይነካሉ እንዴ?» አልኋቸው።

«እኔ? ማታ ደህና የነበረው አንቺ ስትገቢ አይደል የሚበላሸው!»

ኃላፊያችን እንዳይሰማን ብለን የተጨቃጨቅነው በአዊኛ ነበር። እሱ ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት ነው፤ አዊኛ አይሰማም። በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ሁለታችንም ድንገት ዝም አልን። ዝም ማለታችን ደግሞ ባሰ።

ቀስ ብሎ ገባና ስክሪኑን ተመለከተ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም፤ ፍጥነቱ ስላልገጠመ የተበላሸ ጽሑፍ ነው።»

«የተበላሸ ነው ወይስ የሚያነበው ሰው አለ?»

ጊዜው ሰው በስልኩ ውስጥ በተገኘ ፎቶ የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። ማንም ሊያነበው የማይችል ጽሑፍ በአየር የምትልክና የምትቀበል ሴት ናት ከተባልሁ ለማን ምን ብዬ አስረዳለሁ? ኃላፊው ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ አነሳና ወጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ቤት ስገባም ለእናቴ አልነገርኋትም።

ከዚያ ወዲህ ኃላፊው ወንበሩን ይዞ እኛ ክፍል መቀመጥ ጀመረ። እኔ አዛውንቱን፣ አዛውንቱ እኔን፣ እሱ ሁለታችንን እየጠበቀ ስንውል፣ አንድ ከሰዓት ላይ ዝናቡ መጣና መብራት ድርግም አለ። ሦስታችንም ከቦታችን አልተነሳንም። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ስክሪኑ ላይም ያው ዝብርቅርቅ ወጣ።

«ማንም አልነካውም!» አሉ አዛውንቱ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «አይታችኋል፤ ማንም አልነካውም!»

ያን ጊዜ ገባኝ። መብረቅ እየተፈራ ማታ ስንወጣ የግቢው መብራት ከቆጣሪው ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ የነገርሁትን ሁሉ ይረሳና ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ፍጥነት ይመለሳል። ክዳኑን ፈታሁት። ውስጡ እንደ ሰዓት ባትሪ ያለች ክብ ባትሪ አለች፤ ያስተካከልሁትን እንዳይረሳ የምትጠብቀው እሷ ናት። ስለካት ባዶ ሆና አገኘኋት።

ኃላፊው ገበያ ሄጄ ሌላ እንድገዛ ፈቀደ፤ አዛውንቱንም አብረው እንዲሄዱ አዘዛቸው። ጭቃውን እየዘለልን ወደ ሰዓት ጠጋኙ ስንወርድ፣ «እንድጠብቅሽ ነው የላከኝ» አሉኝ።

«እኔንም እርስዎን ጠብቂ ብሎኛል።»

«መቼ?»

«ገና ሳጥኑ የመጣ ሰሞን።»

ቆም ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔንም ያኔ ነው ያለኝ» አሉ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

አዲሷን ባትሪ ገጠምሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ጽሑፉ ጥርት ብሎ ወጣ። ዳንግላዎች የጻፉት፣ «ኢንሱሊን አልቆብናል እያልን በየጠዋቱ እንልካለን። ለምን ዝም አላችሁ?» የሚል ነበር። ለካ ጠዋት ጠዋት ዝብርቅርቅ ሆኖ የሚጠብቀኝ ይህ መልእክት ነበር። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ራሱ መጋዘን ወርዶ አስጫነ፤ መኪናው ወደ ዳንግላ የሚወስደውን የአዲስ ቅዳም መንገድ ይዞ እስኪወጣም በር ላይ ቆሞ ቆየ።

«ያን ፎቶ ለማን አሳየኸው?» አልሁት ሲመለስ።

«ለማንም» አለ፤ ግን ዓይኔን አላየም።

ሳጥኑ አሁን የሚሠራው እሱ ቢሮ ውስጥ ነው። መልእክት ስጽፍ ከኋላዬ ይቆማል፤ የመድኃኒቱን ስም አንድ በአንድ ያነባል። እኔም አልዞርም፤ ጽፌ ስጨርስ እልካለሁ፤ መልሱ እስኪመጣ ሁለታችንም ስክሪኑን እናያለን።