የተዋሰችው ተረት

ጠዋት ትምህርት። ከቀትር በፊት ቤተ መጻሕፍት። ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ድምፅ ማዳመጥ፣ ቃል በቃል መጻፍ፣ መተርጎም። ማታ ጥናት።

በዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቋንቋዎችንና ባህሎችን የምታጠናው ተማሪ የዕለት ሥራዋ ይህ ነበር። ማዳመጫ ከራሷ ስለማይወርድ የሚያውቋት ሁሉ «ጆሮ» ይሏታል። የመመረቂያ ጽሑፏ የቆመው በአንድ ረጅም ተረት ላይ ነው፤ የነገሯትም ከሩቅ አገር የመጡ አዛውንት አናጢ ናቸው። የነገሯት ግን በውል ነበር፦ ያለ ወረቀት፣ በእርሳቸው ቋንቋ፣ ፊታቸው ቆማ ተረቱን ትመልሳለች፤ ካቃታት የቀረጸችውን ድምፅ አጥፍታ ባዶ እጇን ትሄዳለች።

የመመለሻው ቀን ደረሰ። አዛውንቱ ከሥራ ጠረጴዛቸው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ሴት ልጃቸው በተከፈተው በር በኩል ቆመች።

«እስቲ ዛሬ ጆሮ አፍ ታውጣ!» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ደግሞ፣ አፍሽን ያዢ!» ብለው ገሠጿት። «በይ ልጄ፣ ጀምሪ።»

ጆሮ ጀመረች። ቃሉ እንደ ውኃ ወረደላት። የአዳኙ ሚስት ወንዝ ዳር ደረሰች፤ ጅቡም ከኋላዋ መጣ፤ ጆሮም ሳትተነፍስ ቀጠለች፦ «ያንን በር ዝጊው፣ አቧራው ገደለኝ!»

ልጅቱ ዞር ብላ በሩን ዘጋች።

ያን ጊዜ ጆሮ ስሕተቷ ገባት። የበሩ ነገር ከተረቱ አልነበረም። በቀረጻው ቀን ነፋስ ቢነሣ አዛውንቱ ልጃቸውን ያዘዙበት ቃል ነበር፤ እርሷም ከጻፈችው ወረቀት ላይ ሁሉንም እንዳለ ሸምድዳዋለች። ልጅቱ በሳቅ ፈነዳች። አዛውንቱ አልሳቁም።

«ተረቱን ትተሽ እኔን ነው የሸመደድሽው» አሉ።

ጆሮ መቅረጫውን አውጥታ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። «ቃል ቃል ነው አባባ። ላጥፋው?»

አዛውንቱ ጣቷን ትክ ብለው አዩት።

«አስቀምጪው» አሉ በመጨረሻ። «ሴትዮዋን ወንዝ ዳር ጥለሻት ልትሄጂ ነው? አሻግሪያት እንጂ! በራስሽ አፍ።»

የሸመደደችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፍቶባት ነበር። እየተንተባተበች፣ ቃል እየፈለገች፣ ሴትዮዋን በዓይነ ሕሊናዋ እያየች ተረከች። ጅቡ ወንዙ ውስጥ ሲገባ አዛውንቱ ከበርጩማቸው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«ከዚያስ?» አሉ፣ ሰምተውት እንደማያውቁ ሁሉ።

ነገረቻቸው፤ እስከ መጨረሻው።

አዛውንቱ መላጊያቸውን አነሡና «በሩን ክፈቺው» አሉ ለልጃቸው። ጆሮ የተዋሰችውን ተረት መልሳለች፤ ዕዳዋ በሙሉ ተከፍሏል።