የሞተ እንዳይመስል

ሰፈሩ "ባለቀንዱ" የሚለው እንጨት ነጋዴ አልጋው ሳሎን ውስጥ ተዘርግቶለታል፤ በገዛ እጁ ገድሎ ግድግዳ ላይ ከሰቀላቸው አውሬዎች ራስ ስር። ጎሹ፣ አጋዘኑ፣ ሳላዋ፣ ከበሩ በላይ ደግሞ አፉን እንደከፈተ የቀረው አንበሳ ቁልቁል ያዩታል። አልጋውን እዚያ ያስገባችው ሚስቱ ናት። "የምትወዳቸውን እያየህ ተኛ" አለችው። ደግነት የመሰለው ጎረቤት አልጠፋም፤ የዋህ ሰው መቼ ጠፍቶ።

አንጎሉ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ አካሉ በድን ነው፣ ምላሱም ተሳስሯል። ጆሮውና አእምሮው ግን እንደ ድሮው ናቸው፤ መከራውም ይኸው ነው። ከሚስቱ ጋር የሚግባባው በዓይኑ ነው። አንዴ ሲጨፍን እሺ፣ ሁለቴ ሲጨፍን እምቢ።

ደህና ሳለ ሌላውን የማያስተነፍስ ወሬኛ ነበር። የአደን ፈቃድ ያወጣል፣ መንገድ መሪ ይቀጥራል፣ ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ ይተኩሳል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ያወራዋል። ጀግና አትሉም? ሥጋውን አይበላ፣ ቆዳውን አይሸጥ። የሚፈልገው የአውሬውን ራስና ፎቶውን ነው። ደሙን የምትጠርገው፣ የወጣውን ምላስ ወደ አፍ የምትመልሰው፣ አገጩን ቀና አድርጋ የምታስተካክለው ሚስቱ ነበረች። "ጥረጊው እንጂ! የሞተ እንዳይመስል!" እያለ ይጮህባታል።

አንድ ቀን ግልገሏን ያስከተለች ሳላ ላይ ሲያነጣጥር ክንዱን ያዘችው።

"በሞቴ ተዋት፤ እናት እኮ ናት።"

"እምቢ አለች እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "እምቢ ካለች ትንገረኝ።"

ተኮሰ። ግልገሏ ሬሳውን ስትዞር ሚስቱ የእናቲቱን ምላስ በጣቷ ወደ አፏ መለሰች። ቀልዱን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያወራው ኖረ፤ እሷም ሻይ እያቀረበች ስትሰማው ኖረች።

ዛሬ የአደን ጓደኞቹ፣ የጥርስ ሐኪሙና የመኪና ዕቃ ሻጩ፣ ሊጠይቁት መጡ። ድምፃቸውን ከደጅ ሲሰማ ልቡ ተሰቀለ። ለሃጩ ሲዝረበረብ፣ ሽንት ጨርቅ ታስሮለት እንዲያዩት አልፈለገም። የቀረው ነገር ቢኖር እነሱ ዘንድ ያለው ስም ብቻ ነው። ሚስቱ ጎንበስ አለችለት።

"ይግቡ?"

ሁለቴ ጨፈነ። እንደገና ሁለቴ። አይታዋለች፣ ደህና አድርጋ ነው ያየችው።

"ግቡ፣ ናፍቃችሁታል" አለች ወደ በሩ ዞራ።

ገቡ፣ ደነገጡ፣ "አይዞህ ወንድሜ" አሉ። የሚሉት ሲያልቅባቸው ሐኪሙ ስልኩን አወጣ።

"ጓደኞቻችን ሁሉ ሊያዩት ጓጉተዋል። አንድ ፎቶ እንኳ እንውሰድላቸው።"

ባለቀንዱ እስኪያመው ድረስ ጨፈነ፣ ከፈተ፣ ጨፈነ።

"ዓይኑን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያርገበግበው?" አለ ዕቃ ሻጩ።

"ደስ ሲለው ነው" አለች ሚስቱ።

ዕቃ ሻጩ ከራስጌው ተንበረከከ፤ የአደን ፎቶ ላይ የለመደበት ነው። "ቆይ፣ እንዲህ አታንሱት" አለች እሷ። ለሃጩን በጨርቅ ጠረገች። ከከንፈሩ ጥግ የወጣውን ምላሱን በጣቷ ወደ ውስጥ መለሰች፤ አገጩን ቀና አድርጋ ያዘች። እጇ ሥራውን አልረሳም። ከዓይኑ የወረደውንም እንባ አብራ ጠረገችው።

ሐኪሙ ትንሽ አመነታ። "ቅር አይለውም ግን?"

"እምቢ አለ እንዴ?" አለች። "እምቢ ካለ ይንገራችሁ።"

ፎቶውን አሳጥባ ተኝቶ በሚያየው ግድግዳ ላይ፣ ከሳላዋ ጎን ሰቀለችው። ጠዋት ጠዋት አቧራውን ትጠርግለታለች።